ለልደት ብዬ ያስተከልኩት ድንኳን

ሰቆጣ ያላችሁ ሰምታችኋል። እንዳልሰማ አትሁኑብኝ፤ ከሰዓት ጀምሮ ኢንቦክሴ በሳቅ ተጥለቅልቋል።

ላልሰማችሁት ግን ሌላ ሰው ቀባብቶ ሳያወራው እኔው ልናገር። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በኬክና በፊኛ መሃል፣ በሕይወት ላለችው እህቴ ሙሉ ሰፈር ልቅሶ አስቀመጥኩ።

አዎ። ልቅሶ። ከነሙሾው!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልነሳ። እዚህ ላይ ብተወው ነፍሰ ገዳይ እመስላለሁ።

እኔን ብርቄን የምታውቁኝ በዲኮር ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የሚነፋ ፊኛ ካለ እኔ አለሁ። ያለ ፓምፕ፣ በገዛ ሳንባዬ።

ትልቋ እህቴ ትርንጎ ደግሞ አረብ አገር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስትሄድ ልጇ ምህረት ሦስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ሰባት ሞላት። የምታድገው እኔና እናቴ ጋ ነው።

የትርንጎ አሠሪ ስልክ የምትፈቅድላት እሁድ ከሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ምህረት ምን ትላለች መሰላችሁ? «ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?» ትልና ወደ ጓሮ ትሮጣለች። በቃ። ለቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ይሰጣል። የቀረውን ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ እኔና ትርንጎ ስለ በርበሬ እናወራለን።

ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ስክሪኑ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ታፍራታለች። ትርንጎም ይህን ታውቃለች፤ አንጀቴን የሚበላኝ ማወቋ ነው።

ባለፈው እሁድ እንዲህ አለችኝ፦ «እንድታዋራኝ አታስጨንቂያት። ብቻ ለልደቷ ከልጆች ጋር ስትጫወት አሳዪኝ። ከሄድኩ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም እኮ።»

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? እኔ የለኝም።

ስልኬን ይዤ ኢንተርኔት ገባሁ። የልደት ጨዋታ ስፈልግ ጉድ አየሁ! ዓይን ተሸፍኖ ለሥዕል አህያ ጭራ መለጠፍ የሚባል ጨዋታ አለ። ይህን ሰቆጣ ላይ ባመጣው፣ በገበያ ቀን መንገዱን ከአህያ ጋር ተጋፍቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ «ጭራውን ምን በላው? ጅብ ነው?» ብሎ ነው የሚያፋጥጠኝ። ዘለልኩት።

የመረጥኩት ሁለት ነው። አንደኛው ሙዚቃው ሲቆም ባሉበት ድርቅ ማለት ነው፤ የተነቃነቀ ይወጣል። ሁለተኛው የወንበር ጨዋታ ነው። አሥራ ሦስት ልጅ በአሥራ ሁለት ወንበር ዙሪያ ይዞራል፣ ሙዚቃው ሲቆም ሁሉም ይቀመጣል፣ ወንበር ያጣው ይወጣል። ከዚያ አንድ ወንበር ይነሳና እንደገና ይዞራሉ።

አሥራ ሁለት ወንበር! እኛ ቤት ያለው ሁለት ዱካና እግሩ በገመድ የታሰረ አንድ ወንበር ነው።

ወንበር ያለው እድሩ ዘንድ ነው።

አሁን ዋናውን ስህተቴን ስሙ። እናቴ ልደት የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ለእሷ ልጅ የሚከበረው በክርስትናው ዕለት ነው፤ ኬክ መቁረስ የከተማ ቅብጠት ነው። የእድሩን ወንበር ለልጅ መጫወቻ አወጣሁ ብላት ደግሞ በቁሜ ትቀብረኛለች። ስለዚህ በምስጢር ልጨርሰው ወሰንኩ።

ሰርፕራይዝ!

ሐሙስ ዕለት አያ ካሳው ዘንድ ሄድኩ። አያ ካሳው የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሰባን ያለፉ፣ ጥያቄ የማያበዙ ሰው። የሚገርማችሁ፣ ለእሳቸው ያልኩት ነገር ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ውሸት የለበትም።

ለእሁድ አሥራ ሁለት ወንበርና ትንሿን ድንኳን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለ ትርንጎ መሆኑን፣ ለጊዜው እናቴ መስማት እንደሌለባት፣ ልጅቷም እንዳታውቅ አደራ አልኳቸው። ትርንጎን ሳነሳ ያለችኝ ነገር ትዝ አለኝና እንባዬ ግጥም አለ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ወሰድኩ።

አያ ካሳው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልኳቸው። ሰዓቱ ትንሽ ግር አላቸው። ወንበሩን ብቻዬን እንዳልሸከም፣ እድርተኞቹ እንደሚያመጡት፣ ሌላውንም ነገር ለእነሱ እንድተወው ነገሩኝ። ትከሻዬንም ያዝ አድርገው እንድጠነክር፣ ለእናቴ ያለኋት እኔ ብቻ መሆኔን አስታወሱኝ።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «አይዞዎት አያ ካሳው፣ ለምጄዋለሁ» አልኳቸው።

ፊኛ መንፋቱን እኮ ነው!

ከኛ አገር ራቅ ብላችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ ለእናት በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ የሰማው ሰው ለእድሩ ሽማግሌዎች ሹክ ይላል። ሽማግሌዎቹ ቀን ይቆርጣሉ። ቤተሰቡ ሳይሰማ ድንኳንና ወንበር ይሰናዳል። በቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይመጣና ያረዳል። እስከዚያ ድረስ ለእናትየው ምግብ እየተወሰደ ብይ ብይ ትባላለች፤ ከሰማች በኋላ እህል በአፏ አይዞርማ።

አሁን ለአያ ካሳው ያልኩትን መልሳችሁ አንብቡት።

አነበባችሁት? ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሰፈር ኖሬ፣ በስንቱ መርዶ ሻይ አፍልቼ፣ ለእኔ አልገባኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ?

ምልክት አልነበረም እንዳትሉኝ ደግሞ። ነበረ። ዓርብ አንዷ ጎረቤታችን ለእናቴ የተልባ ፍትፍት ይዛ መጣች። ቅዳሜ ሌላዋ ዶሮ ወጥ ይዛ መጣች። ያለ በዓል ዶሮ! እናቴ ምን ነካቸው ብላ ጠየቀችኝ። ስለሚወዱሽ ነው አልኳት። የዶሮዋን እግር የበላሁት እኔ ነኝ።

መንገድ ላይም ሰው ሁሉ ሲያየኝ ከንፈሩን ይመጥልኛል። አንዷማ አቅፋኝ አልለቅ አለች። ፔጄ እየታወቀ መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

እሁድ ደረሰ።

እናቴን አራስ እንድትጠይቅ ወዲያኛው ሰፈር ዘመድ ቤት ሸኘኋት፤ እስከ አሥር ሰዓት እንዳትመለስ ነው። ምህረትን ጎረቤት አስቀመጥኳት። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡ። ተከሉ፣ ወንበሩን ደረደሩ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ሄዱ። ምን ዓይነት ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አደነቅኩ።

የዘንድሮ ፋሽን ጥቁር በወርቅማ ነው ብሎኛል ኢንተርኔት። ስለዚህ ፊኛው ጥቁር። ሪቫኑ ጥቁር። እኔም ከዲኮሩ ጋር ማች ላደርግ ብዬ ጥቁር ቀሚስ።

ወገኖቼ፣ አውቃለሁ። ዝም በሉኝ።

ስምንት ተኩል ላይ ልጆቹ መጡ። የሰፈራችንን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ በአማርኛ ያከብሩኛል፣ በኽምጣኛ ያሙኛል። ምህረት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ስትገባ ፊኛውን አይታ አፏን ያዘች። ስልኬን ከሠርግ ቤት ከተከራየሁት ስፒከር ጋር በብሉቱዝ አገናኘሁ። ስፒከሩ ቁመቱ ከምህረት ይበልጣል። ትርንጎ በቪዲዮ የምትደውለው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፤ እስከዚያ ልጆቹን ማሟሟቅ ነው።

የወንበሩን ጨዋታ ጀመርን። ዘፈኑን ሳቆም ወንበር ያጣው ልጅ ከንፈሩን ጣለ። ወዲያው ሌላው ተነሳና ና እኔ ጋ ተቀመጥ አለው። ሦስተኛዋም ተነሳች። ሁሉም ተነስቶ ተቀመጥ አንተ ተቀመጥ ሆነ! የጨዋታው ሕግ እንደዚያ እንዳልሆነ ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ። ጨዋ ልጆችን ወንበር መንጠቅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከኃጢአቴ ጋር ይመዝገብልኝ።

ከተማሩ በኋላ ግን ማን ያቁማቸው! ምህረት አንዱን በዳሌዋ ገፍታ ወንበር ስትይዝ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከልቧ። ምነው ትርንጎ አሁን በደወለች አልኩ።

ወንበሩ ሳያልቅ ትርንጎ እንድትደርስበት ብዬ ወደ መድረቁ ጨዋታ ቀየርኩ። ዘፈኑን ለቀቅኩ፣ ጨፈሩ። ዘፈኑን አቆምኩ። አሥራ ሦስት ልጅ በያለበት ድርቅ አለ። ትንፋሽ እንኳ የለም።

በዚያች ጸጥታ መሃል በአጥሩ በር አያ ካሳው ገቡ። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ አለ።

እስቲ በእነሱ ዓይን እዩት። እናቴ ቤት ውስጥ ያለች መስሏቸዋል። ድንኳን ተተክሏል። ጥቁር በጥቁር ነው። እህት ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ሕፃናት እንደ ግንድ ደርቀዋል። መሃላቸው ደግሞ ምንም የማታውቅ ልጅ ነጭ ለብሳለች።

እማማ ስንዱ አፌን እንኳ አላስከፈቱኝም። እማማ ስንዱ የታወቁ አስለቃሽ ናቸው፤ ሙሾ ሲያወርዱ ባዳ ያለቅሳል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ደረታቸውን ደቁ፦

«ከርሜ ስጠብቅሽ ከባሕር ማዶ፣
ምነው ያንቺ ምላሽ ሆነብኝ መርዶ፣
ትርንጎ!»

ግቢው በዋይታ ተደበላለቀ።

ልጆቹማ በሥርዓት ያደጉ ናቸው። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለው ገለል አሉ። አሥራ ሁለቱም ወንበር በአሥራ ሁለት ሽማግሌ ተያዘ። በወንበር ጨዋታ ታሪክ ማንም ሳይወጣ ሁሉም ያሸነፈበት ዙር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ አልሞተችም፣ ልደት ነው እያልኩ እጮኻለሁ። ማን ይስማኝ? መርዶ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው አልሞተችም ነው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ጠፍረው ያዙኝ። አንዷ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨችኝ፤ ኩሌ ወርዶ አገጬ ላይ ደረሰ። ኬኩን በአገጬ ሳሳያቸው «ወይኔ ልጄን፣ አዞራት» ብለው ይባሱን አለቀሱልኝ።

ከዚያ ምህረትን አየኋት። ለእኔ ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ።

ከደረቀችበት አልተነቃነቀችም። አሁን ግን በጨዋታው አልነበረም። የእናቷን ስም በሙሾ ውስጥ እየሰማች ነው። ሰባት ዓመት የሞላው የኛ አገር ልጅ ሙሾ ምን እንደሆነ አያጣውም። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣለች፣ ዓይኗን ከእማማ ስንዱ አፍ ላይ አልነቀለችም። ልደርስላት ብታገል ሴቶቹ አጥብቀው ያዙኝ። እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ስልኩ ጠራ።

ስልኩ ያለው ኬኩ አጠገብ ነው። ድምፁ ግን የወጣው በዚያ ትልቅ ስፒከር ነው። ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ። እማማ ስንዱ ሙሾውን መሃል ላይ በጠሱት። ሁሉም ዞሮ ጠረጴዛውን አየ፤ የነካው ግን የለም።

ስልክ ስታይ ወደ ጓሮ የምትሮጠው ልጅ ሄደችና አነሳችው።

«ሃሎ፣ የት ናችሁ? ምህረትዬ፣ እንኳን ተወለድሽልኝ።»

የትርንጎ ድምፅ ነው። ከመቃብር ሳይሆን ከስፒከር፣ ለሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ ቮልዩም!

አያ ካሳው አማተቡ። አንድ ሽማግሌ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ደግነቱ ድንኳኑ ያዛቸው። እኔን የያዙኝ ሴቶች ለቀቁኝና እርስ በርሳቸው ተያያዙ።

ምህረት ስልኩን አፍንጫዋ እስኪነካው አስጠጋችው።

«እማ፣ ሞተሻል እንዴ?»

ስፒከሩ ጮኸ።

«ማን አለሽ? አለሁ የኔ እናት። ይኸው አለሁ።»

«እንግዲያው አትዝጊው» አለች ምህረት።

ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቤት ገባች። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ስፒከሩ ትንሽ ተንተባተበና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አንዳችንም አልሰማንም።

እኔ ያለ ስልክ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ኩሌ አገጬ ላይ ደርቆ፣ አንድ ሰፈር ለቀስተኛ ይዤ ቀረሁ።

አያ ካሳው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሐሙስ ምን እንዳልኩ አንድ በአንድ አስደገሙኝ። ስጨርስ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አድርገው ቆዩና «ልጄ፣ ለደስታ ሰው ይጠሩበታል እንጂ ይደብቁታል?» አሉኝ።

ሰው ግን አልሄደም። ለልቅሶ የመጣው ንፍሮ ተከፈተ፣ ለልደት የመጣው ኬክ ተቆረሰ። ንፍሮና ኬክ በአንድ ሳህን በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ። እማማ ስንዱ ኬኩን ሁለት ጊዜ ደገሙ፤ ሙሾውንም ወደ ምርቃት ገልብጠው ለትርንጎ ረጅም ዕድሜ ተመኙላት። ድንኳኑ የያዛቸው ሽማግሌ ጨዋታው ምን እንደነበር ጠየቁኝ። ሳስረዳቸው፣ ሰው እንግዳ ጠርቶ ወንበር ይጨምራል እንጂ እንዴት ይቀንሳል ብለው አዘኑብኝ።

በዚህ መሃል እናቴ መጣች።

አራስ ቤቱ ሲያበሏት፣ ሲያበሏት ነው የዋሉት። መንገድ ላይ ሳለች ድንኳኑን ከሩቅ አየችው። ነጠላዋን ጥላ መሮጥ ጀመረች። ያዩዋት ሴቶች ደግሞ እናረጋጋት ብለው ግር ብለው ወጡና በአንድ አፍ «አልሞተችም፣ አልሞተችም» እያሉ ተቀበሏት።

«ማንኛዋ ናት ያልሞተችው?» አለች እናቴ፣ እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ።

ይህን እስካስረዳት ድረስ ያረጀሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን እየጻፍኩ አጠገቤ ተቀምጣለች። አላናገረችኝም። ሰላምታ እንኳ በጎረቤት በኩል ነው የሚደርሰኝ። ዶሮ ያመጣችው ጎረቤትም ዶሮዬን እንዴት እንደምትተኩልኝ አያለሁ ብላ ሄዳለች።

ምህረት በሩን የከፈተችው ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። ስልኩን ሰጠችኝ፤ ሞቆ እጅ ያቃጥላል። ወዲያው ከትርንጎ የድምፅ መልእክት ገባ። ያን ሁሉ ጥቁር ፊኛ አላየችም። ኬኩን አላየችም። አንድም ጨዋታ አላየችም።

«ስልኩን በጣም አስጠግታው ግንባሯን ብቻ ነው ያየሁት» ትላለች እየሳቀች፣ እያለቀሰች። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግንባሯን። ፀጉሯ መነሻ ላይ ጠባሳ አላት ለካ፣ ብርቄ። እኔ አላውቃትም ነበር። ከየት እንዳመጣቻት ነገረችኝ።»

መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማሁት። ለእናቴም በስፒከር ከፈትኩላት፤ በትንሹ።

ወንበሩን ስሰበስብ ምህረት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ ላይ ክሬም አለ። ለሚቀጥለው ልደቷ የምትፈልገውን አሁኑኑ ልትነግረኝ ነው የመጣችው። ብስክሌት ወይም አሻንጉሊት ትለኛለች ብዬ ወንበሩን አስቀመጥኩ።

«እማማ ስንዱን ጥሪልኝ» አለችኝ። «ከሁሉም ሰው ጋር ይምጡና ያልቅሱ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስላት እማ ቶሎ መጣች።»

እንግዲህ ተከታዮቼ፣ ዲኮሩንም ጨዋታውንም ከኢንተርኔት ያገኘሁት እኔ ጎበዟ አክስት የዚህን መልስ የትም አጣሁት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?